80 ዶላር የምትነቀል ጥርስ፦ የዴሞንቴ ድራይቨር ጉዳይ

የአንድን ልጅ የታመመች ጥርስ ለማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር። ሳትነቀል በመቆየቷ የመጣው የሆስፒታል ወጪ ግን ከ250,000 ዶላር በላይ እንደሚሆን ተገመተ። ይህ ሁሉ ወጥቶም ልጁ አልተረፈም።

ልጁ ዴሞንቴ ድራይቨር ይባላል። 12 ዓመቱ ነበር፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ። የሞተው ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2007 ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዲሲ አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ካውንቲው ሩቅ አገር አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ነው፣ ስንቶቻችን እንኖርበታለን። የአሜሪካ ምክር ቤት ካለበት ተነስተህ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢወስድብህ ነው።

የሕፃናት ነርስ ነኝ። ስለ ድህነትና ስለ ሕክምና ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ድሃ ልጅ ሞተ ሲባል መድኃኒት አጥቶ፣ ሆስፒታል ርቆት፣ ሐኪም ሳያየው ነው ብለን እናስባለን። እዚህ ግን መድኃኒቱም ነበር፣ ሆስፒታሉም ነበር፣ ሐኪምም አይቶት ነበር። ሕጉ ራሱ ከልጁ ጎን ነበር፤ በፌደራል ሕግ ሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን) ያለው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ የጥርስ ሕክምና ይገባዋል። ይገባዋል ማለትና ያገኛል ማለት ግን አንድ አይደለም።

የሆነው ነገር

ጃንዋሪ 11 ቀን ዴሞንቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ራሱን እያመመው ነበር። አካባቢው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተወሰደ። እዚያ ለራስ ምታቱ፣ ለሳይነስ ሕመምና ጥርሱ ላይ ለያዘው መግል መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እዚህች ጋ ቆም በሉልኝ። የጥርሱ መግል በመጀመሪያው ቀን ታውቋል ማለት ነው። ያመለጠ ምርመራ አይደለም። ልጁ ከነጥርሱ ወደ ቤት ሄደ እንጂ።

በማግስቱ ባሰበት። እናቱ ይዛው ስትሮጥ ነገሩ ተራ ራስ ምታት እንዳልሆነ ታወቀና ዋሽንግተን ወዳለው የሕፃናት ሆስፒታል ተላከ። እዚያ በአስቸኳይ የአንጎል ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከጥርሱ የተነሳው ባክቴሪያ አንጎሉ ደርሶ ነበር። ከዚያ ያንቀጠቅጠው ጀመር፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ያቺ ጥርስም በመጨረሻ ተነቀለች። 80 ዶላር የምትነቀለው ጥርስ የወጣችው አንጎሉ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሕፃናት ሆስፒታሉ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። ቀጥሎ ሌላ ሆስፒታል ገብቶ ፊዚዮቴራፒና ተጨማሪ ሕክምና ጀመረ። እየተሻለው ይመስል ነበር። የሒሳብ ጥያቄ ይሠራል፣ ወንድሞቹና አስተማሪዎቹ መጥተው ይጠይቁታል። አንድ ቅዳሜ ምግብ አልበላም አለ። ግን ፊቱ ደስ ያለው ይመስላል፣ ከእናቱ ጋር ካርታ ተጫወቱ፣ ቴሌቪዥን አብረው አዩ። በማግስቱ እሁድ ሞተ።

"እናትየው የት ነበረች?"

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ነርሶችም ይጠይቁታል፣ እንዲያውም እኛ እንብሳለን። ስለዚህ መልሱን በደንብ እንየው።

እናትየው የጥርስ ሐኪም ፍለጋ ላይ ነበረች። የምትፈልገው ግን ለዴሞንቴ አልነበረም፣ ለታናሽ ወንድሙ ነው። የአሥር ዓመቱ ልጅ ስድስት ጥርሱ በስብሶ ነበር፣ የሚያማርረውም እሱ ነው። ዴሞንቴ አላማረረም። ሁለት የታመሙ ልጆች ያሏት፣ ጊዜና ገንዘብ የሌላት እናት ለሚጮኸው ትሮጣለች። ማናችንም ብንሆን ያንኑ እናደርጋለን።

ለታናሽየው አንድ ቀጠሮ ለማግኘት ምን እንደፈጀ ደግሞ ተመዝግቦ አለ። ቤተሰቡን የረዳችው ጠበቃ በኋላ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር ነገሩን በዝርዝር አስረዳች። አንዲት እናት፣ አንዲት ጠበቃ፣ አንድ የስልክ እርዳታ መስመር ኃላፊና ሦስት የጤና ጉዳይ አስተባባሪዎች ተረባርበው ነው ለአንድ የሜዲኬይድ ልጅ አንድ የጥርስ ቀጠሮ የተገኘው። ስድስት ትልልቅ ሰዎች። እናትየው ብቻዋን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ከዚያ በፊት ታናሽየውን አንድ ጥርስ ሐኪም ጀምሮት ነበር፣ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል ብሎ ተወው። የሚያመው ልጅ ካልተቁነጠነጠ ማን ሊቁነጠነጥ ነው?

የኑሮዋ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ዳቦ ቤት ሠርታለች፣ ግንባታ ላይ ሠርታለች፣ ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ ተንከባክባለች። የጥርስ ኢንሹራንስ አልነበራትም። ቤተሰቡ አንድ ጊዜ ሼልተር (ቤት የሌላቸው የሚጠለሉበት) ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ዘመድ ቤት ነበር። ይህ የአድራሻ መቀያየር ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። ሜዲኬይድ በየጊዜው ይታደሳል። ማደሻ ወረቀቱ በፖስታ ይመጣል። የእናትየው ግምት፣ ወረቀቱ የሄደው አዴልፊ ወደሚገኘውና እነሱ ትተውት ወደ ወጡት ሼልተር ነው። መልስ ስላልተላከ ሽፋኑ ተቋረጠ። እሷ ያወቀችው ከተቋረጠ ከወር ገደማ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ተረባርቦ ለታናሽየው የያዘው ሕክምናም በዚሁ ተደናቀፈ።

እንግዲህ እናትየው የት ነበረች? ስልክ ላይ ነበረች።

የጥርስ ሐኪሞቹ ዝርዝር

ሜዲኬይዱ ባይቋረጥስ ልጁ ጥርስ ሐኪም ያገኝ ነበር ወይ? እሱም ያጠራጥራል።

በወቅቱ ሜሪላንድ ውስጥ 5,500 ያህል ጥርስ ሐኪሞች ሲኖሩ ሜዲኬይድ የሚቀበሉት 900 ገደማ እንደሆኑ የሙያ ማኅበራቸው ሰው ራሱ ተናግሯል። ምክንያታቸው የታወቀ ነው። መንግሥት የሚከፍለው ትንሽ ነው፣ ወረቀቱ ይበዛል፣ ድሃ ቤተሰብ ደግሞ ቀጠሮ ይቀራል ይላሉ። የመጨረሻው እውነትነት አለው። አውቶቡስ ያመለጣት፣ አለቃዋ ፈቃድ የከለከላት እናት ቀጠሮ ትቀራለች። ሐኪሙም ኪራይ አለበት፣ በዚህ አልፈርድበትም። ግን የሁሉም ምክንያት ሲደመር ልጁ ደጅ ይቀራል።

ልጁ ከሞተ በኋላ የምክር ቤት አባሉ ዴኒስ ኩሲኒች የሚመራው የምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን ያዘው። የኮሚቴው ሠራተኞች አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። አንዱ የሜዲኬይድ ኢንሹራንስ ድርጅት በካውንቲው ያሉ ጥርስ ሐኪሞቼ ብሎ ያወጣውን ዝርዝር ይዘው ስልክ መደወል ጀመሩ። ዝርዝሩ ላይ 24 ስም አለ። ከ24ቱ የ23ቱ ቁጥር ወይ ተቋርጧል፣ ወይ ተሳስቷል፣ ወይ የሚያነሳው ሐኪም ሜዲኬይድ አይቀበልም። 24ኛው ይቀበላል፣ ግን ለቀዶ ጥገና እንጂ ለተራ የጥርስ ሕክምና አይደለም። በዚያው ድርጅት ከተመዘገቡት የሜሪላንድ ልጆች መካከል ደግሞ ለአራት ተከታታይ ዓመታትና ከዚያ በላይ ጥርስ ሐኪም አይተው የማያውቁ ከ10,000 በላይ ተገኙ።

በወረቀት ላይ እነዚህ ሁሉ ልጆች "ሽፋን" ነበራቸው። እናት ስልክ ይዛ ስትቀመጥ የምታገኘው ግን ያንን ዝርዝር ነው። አንድ ቁጥር ትደውላለች፣ አይሠራም። ሌላ ትደውላለች፣ "አንቀበልም"። በእረፍት ሰዓቷ ነው የምትደውለው፣ ያውም የሞባይል ደቂቃ እየቆጠረች። ስንተኛው ላይ ተስፋ ብትቆርጥ ነው "ግዴለሽ እናት" የምትባለው?

ከእኛ በኩል ሲታይ

አሁን ወደ እኛ ወደ ነርሶቹ እንምጣ። ልጅ ራሱን አመመው ብሎ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ ትኩሳት እንለካለን፣ አንገቱ ይገተር እንደሆነ እናያለን፣ አስታወከ ወይ ብለን እንጠይቃለን። አፉንም እናስከፍታለን፣ ግን የምናየው ጉሮሮውን ነው። ጥርሱን አልፈን። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አፍ የጥርስ ሐኪም፣ የቀረው ሰውነት የእኛ ነው ተብለን ያደግን ይመስላል። ኢንሹራንሱም እንዲሁ ለሁለት ከፍሎታል። ባክቴሪያው ይህን ክፍፍል አያውቅም።

ስለ ጥርስ መግል ሁሉም የሕፃናት ነርስ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የተቦረቦረ ጥርስ መጀመሪያ ላይ ክፉኛ ያማል። ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ሲሞት ግን ሕመሙ ሊጠፋ ይችላል። ልጁ ዝም ይላል። ቤተሰቡ ተሻለው ይላል። ሥሩ ጋ ግን መግሉ እየተጠራቀመ ነው። ስለዚህ "ያምሃል ወይ?" ብቻውን አይበቃም። የሚያላምጠው በአንድ ወገን ነው ወይ? ቀዝቃዛ ነገር ይሸሻል? ሌሊት ይነቃል? ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ድዱ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር መኖሯን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንቲባዮቲኩም ያታልላል። አሞክሲሲሊን ሲጀመር እብጠቱ ይጎድላል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ልጁ ይበላል። የመግሉ ምንጭ ግን ጥርሱ ነው። ካልተነቀለ ወይም ሥሩ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል። ይህን እናትየው እንዲገባት አድርጎ መናገር የነርስ ሥራ ነው፣ መልቀቂያ ወረቀቱን አስፈርሞ መስጠት ብቻ አይደለም።

መልቀቂያ ወረቀቱን ካነሳን ደግሞ፣ ሁሌ የምታናድደኝ አንዲት መስመር አለች፦ "የጥርስ ሐኪም ያማክሩ"። ለማን ነው የምንጽፈው? ኢንሹራንስ ላለው ሰው ትርጉም አላት። 24 ስም ይዞ አንድም ለማያገኝ ቤተሰብ ግን ሕክምና አይደለችም፣ ለእኛ መዝገብ መሸፈኛ ናት። የትኛው ሐኪም፣ መቼ፣ በምን ኢንሹራንስ፣ በምን ትራንስፖርት የሚለው ካልተመለሰ ልጁ ገና አልታከመም። ነርሷ ሁሉንም ራሷ አትሠራውም፣ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) አለ፣ ኬዝ ማናጀር (የበሽተኛውን ጉዳይ የሚከታተል) አለ። እነሱ የሚጠሩት ግን አልጋው አጠገብ ያለችው ነርስ ስትጠይቅ ነው። እኔ ከሁሉም ጥያቄ አብልጬ የምወደው አንዱን ነው፦ "ፖስታ የሚደርሳችሁ የት ነው?" ቤት የሌለውን ሰው "ቤት አለህ ወይ?" ብለህ ብትጠይቀው ያፍራል፣ አለኝ ይላል። የፖስታውን ነገር ስትጠይቀው ግን ታሪኩ ሁሉ ይወጣል። የእህቴ አድራሻ ነው፣ የድሮ ቤታችን ነው፣ ከሰው ጋር ነን።

እኛ ሐበሾች ጋ የሚጨመር ነገርም አለ። "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" እንላለን። ይወድቃል፣ ልክ ነው። የኋለኞቹ የወተት ጥርሶች ግን ልጁ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሆነው ይቆያሉ፣ እስከዚያ መግል ከያዙ እንደ ማንኛውም ጥርስ መግል ናቸው። ልጅ እንዲተኛ ወተት ወይም ጁስ የሞላ ጡጦ አፉ ላይ ትቶ ማስተኛትም እኛ ቤት የተለመደ ነው። ፍሎራይድ (ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን) የሚፈሩ ወላጆችም ያጋጥሙኛል፣ በተለይ ከስምጥ ሸለቆ የመጡ። ፍርሃታቸው ከሜዳ አልመጣም። ወንጂና ዝዋይ አካባቢ የጉድጓድ ውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ሆኖ የስንቱን ጥርስ አበልዟል፣ አጥንት እስከ መጉዳት ደርሷል። ክሊኒክ ውስጥ በብሩሽ ጥርስ ላይ የሚቀባው ግን መጠኑ ትንሽ ነው፣ በየጥቂት ወሩ አንዴ ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው እንጂ "አይ፣ ችግር የለውም" ብሎ ማለፍ አያሳምናቸውም።

ችግሩ የአንድ ልጅ ብቻ እንዳልነበረም የታወቀ ነው። የአሜሪካ ሰርጀን ጄኔራል (የመንግሥት ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም) የነበሩት ዴቪድ ሳቸር በ2000 ያወጡት ሪፖርት የጥርስ መቦርቦር ከአስም በአምስት እጥፍ በልጆች ላይ እንደሚበዛ፣ በጥርስ ምክንያትም በዓመት ከ51 ሚሊዮን በላይ የትምህርት ሰዓት እንደሚባክን ጽፎ ነበር። ዴሞንቴ የሞተው ይህ ከታወቀ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው

ሜሪላንድ ዝም አላለችም፣ ይህን መመስከር ያስፈልጋል። በ2007 ክረምት የጥርስ ጉዳይ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ2008 ለጥርስ ሐኪሞች የሚከፈለው ከፍ አለ። በ2009 ጁላይ ደግሞ የልጆች የጥርስ ሽፋን ከየድርጅቱ ወጥቶ "ሄልዚ ስማይልስ" በሚባል አንድ ፕሮግራም ስር ገባ፤ ያ የተበጣጠሰ ዝርዝር በአንድ ተተካ ማለት ነው። ነገሩ የነርሶችንም ሥራ ነካ። ሥልጠና የወሰዱ የሕፃናት ሐኪሞችና ነርስ ፕራክቲሽነሮች (መርምረው መድኃኒት የሚያዙ ነርሶች) በተራ የክትትል ቀጠሮ ላይ የትናንሽ ልጆችን ጥርስ ፍሎራይድ ቀብተው ክፍያ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ልጅ በአንድ ዓመቱ ጥርስ ሐኪም ባያይ እንኳ ለክትባት ክሊኒክ ይመጣል። የሚያዋጣው እዚያው መያዝ ነው፣ ከሁሉም ለውጥ ብልህ የምለውም ይህንን ነው።

በዴሞንቴ ስም የተሰየመ ተንቀሳቃሽ የጥርስ ክሊኒክ በካውንቲው ትምህርት ቤቶች መዞር ጀመረ። በፌደራል ደረጃም ፕሬዚዳንት ኦባማ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2009 የፈረሙት የልጆች ጤና መድን ሕግ የጥርስ ሽፋንን ግዴታ አደረገ። በ2011 ፒው የተባለው ተቋም የክልሎችን የልጆች ጥርስ ሕክምና ሲገመግም ሜሪላንድን ከአገሪቱ አንደኛ አወጣት። በአራት ዓመት ውስጥ እዚያ መድረስ ቀላል አይደለም። አንድ ልጅ እስኪሞት መጠበቅ ነበረበት ወይ የሚለውን ግን ሳልጠይቅ አላልፍም።

የጥርስ ሐኪሙ ክፍያ ተስተካከለ፣ ዝርዝሩም ተስተካከለ። ፖስታው ግን እዚያው ነው። በኮቪድ ጊዜ ሜዲኬይድ ያለማደስ ይቀጥል የነበረው አሠራር ማርች 31 ቀን 2023 ሲያበቃ በመላው አሜሪካ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሽፋን ወጣ። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የወጡት ገቢያቸው በዝቶ መሆኑ ተረጋግጦ አይደለም። ወረቀት አልሞሉም፣ ደብዳቤ አልደረሳቸውም፣ መልስ በጊዜው አልላኩም። ልጆችም በብዛት ነበሩበት። ያ አዴልፊ ሼልተር የቀረው ደብዳቤ በሚሊዮን ተባዝቶ መጣ ማለት ነው።

ይህ የእኛን ሰው በቀጥታ ይመለከታል። አዲስ የመጣ ቤተሰብ መጀመሪያ ዘመድ ቤት ያርፋል፣ ቀጥሎ ቤዝመንት ይከራያል፣ ከዚያ ደግሞ ርካሽ አፓርታማ ፍለጋ ሌላ ካውንቲ ይገባል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ማስታወቂያ መስሎት የሚጥለው አለ፣ ልጁ እስኪያነብለት የሚጠብቅ አለ፣ ልጁ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቤት ስትቀይሩ ለሜዲኬይድ ቢሮ በዚያው ሳምንት አሳውቁ፣ ደብዳቤውን ካልተረዳችሁት አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ነፃ ነው። የልጁ ሽፋን ተቋርጦ ካገኛችሁትም እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ ልጅ በዓመቱ በማንኛውም ጊዜ ሜዲኬይድ ሊመዘገብ ይችላል።

ነርስ የሆናችሁ ደግሞ፣ በየምርመራው አስተርጓሚ ይዛችሁ የአድራሻውን ነገር ጠይቁ። ሜሪላንድ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ መረጃ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የክልሉ ሜዲኬይድ የትልልቅ ሰዎችንም ጥርስ ይሸፍናል። ልጇን ይዛ የመጣችውን እናት የራሷን ጥርስም ጠይቋት፤ ብዙዎቹ ይህን ገና አልሰሙም።